ጠርሙስ ቀብቶ ስለ መስጠት

ያገለገለ ጠርሙስ አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በርበሬ ወይም ማር ሞልቶ ለወዳጅ መስጠት ወጪው ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ የሆነ የእጅ ሥራ ነው። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ ቀለም፣ ብሩሽና ትዕግሥት። ከአራቱ ለማግኘት የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስቸግረው ጠርሙሱ ነው። በየማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጠርሙስ ተደርድሮ ይታያል፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ግን አንድም የለም።

ማድ ቤት የገባ ጠርሙስ መጀመሪያ የያዘው ነገር ካለቀ በኋላ ነው ኑሮው የሚጀምረው። ወረቀቱ ሳይላጥ ሌላ ነገር ይሞላበታል። ስለዚህ ማርማላታ የሚለው ሚጥሚጣ፣ ማዮኔዝ የሚለው ኮረሪማ፣ ኔስካፌ የሚለው ጥቁር አዝሙድ ሆኖ ይገኛል። የተጻፈውን አምኖ ክዳን የሚከፍት እንግዳ ብቻ ነው። ኔስካፌ እ.ኤ.አ. በ1938 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ፣ ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አቦል ቶና በረካ ብሎ ለሚጠጣ ሕዝብ ይህን ያህል የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ጠርሙሱ ግን ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ ስለሆነ ከይዘቱ በላይ ይከበራል። ከዓረብ አገር የመጣ ትልቅ የኔስካፌ ጠርሙስ ባዶውን ሲታይ ዓይን የማትጥልበት እናት ጥቂት ናት።

የጠርሙስ ምግብ ማስቀመጫነት ባለውለታው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ነው። አፔር ምግብን ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ቀቅሎ ሳይበላሽ ለወራት ማቆየት ቻለና እ.ኤ.አ. በ1810 ከፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ጠርሙሱ አፉ በቡሽ የሚደፈን ነበር። ተጠማዞ የሚዘጋውን ጥርሳም አፍ አሜሪካዊው ጆን ላንዲስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1858 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሁለቱም ብልሆች ነበሩ፤ ክዳን ከጠርሙሱ ቀድሞ እንደሚጠፋ ግን ማናቸውም አላሰቡበትም።

ከቤት ያጣ ሰው ጠርሙስ የሚያገኝባቸው ሌሎች በሮች አሉ። አንዱ ቆራሌው ነው። በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ይዘረገፋል፤ እዚያ ታጥቦ የተደረደረ አፈ ሰፊ ጠርሙስ በብዛት ለሚፈልግ ይገኛል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አፉ ጠባብ በመሆኑ በርበሬ ለመሙላት ማንቆርቆሪያ አፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ባሻገር ማስያዣ የተከፈለበት የፋብሪካ ንብረት ስለሆነ ባለሱቁ ሳጥኑን ሲቆጥር ፊቱ ይጠቁራል።

ቀለም መቀባት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አስቀድሞ የጠርሙስን ሕግ ማወቅ ይገባል። ጎረቤት በጠርሙስ ማር ስትልክ የሰጠችው ማሩን እንጂ ጠርሙሱን አይደለም። ተቀባይዋ ማሩ ሲያልቅ ጠርሙሱን አጥባ ትመልሳለች፤ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ስለሆነ ደግሞ ጥቂት ሽሮ ወይም ቆሎ ጣል ታደርግበታለች። ሽሮ የተላከላት ዝም አትልም፤ በሌላ ቀን ሌላ ነገር ትልካለች። አንድ ጠርሙስ በዚህ ዓይነት በሁለት ቤት መካከል ለዓመታት ሲመላለስ ይኖራል። ቀለም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አበባ የተሣለበትን ጠርሙስ ማንም መልሺልኝ አይልም፤ የደረሳትም «ጠርሙሱስ?» ብላ አትጨነቅም። ሥዕሉ ባያምር እንኳ አንድ ነገር በግልጽ ይናገራል፦ ይህ ዕቃ ብድር አይደለም። ብዙ ሰው ጠርሙስ የሚቀባው ለውበት ይመስለዋል፤ ውበቱ ትርፍ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ወረቀቱን ከማላጥ ነው። በውሃ ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ሙቅ ውሃና ላርጎ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ሲቆይ በራሱ ጊዜ ይለቃል። የፕላስቲክ ልጣፍ ግን ከላይ ተልጦ ሙጫውን እዚያው ትቶ ይሄዳል፤ ያ ሙጫ አቧራ፣ የጥጥ ብናኝና የልጅ ጣት ሁሉ እየያዘ ይጠቁራል። ውሃ አይፈታውም። የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ለውሶ ቀብቶ ሩብ ሰዓት ያህል ከተተወ በኋላ በጨርቅ ሲታሽ ግን ይለቃል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም ያነሣዋል። በብረት ሽቦ መፈግፈግ የትዕግሥተ ቢስ መፍትሔ ነው፤ ሙጫውን ያነሣና በምትኩ ጭረት ይተዋል፤ ጭረቱ ላይ ደግሞ አበባ መሣል ግድ ይሆናል።

ሽታው ሌላ ጉዳይ ነው። ብርጭቆ ሽታ አይዝም። ሽታውን የሚይዘው ክዳኑ ውስጥ ያለችው ለስላሳ ሽፋን ናት። ሚጥሚጣ የኖረበት ክዳን አሥር ጊዜ ቢታጠብ አይረሳም፤ በእሱ የተከደነ ማር በሦስተኛው ሳምንት ማንም ያላዘዘው ቃና ያመጣል። ክዳኑን በሎሚና በጨው አሽቶ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ መተው ይረዳል፤ ካልረዳ ያንን ጠርሙስ ለበርበሬ መመደብ ይሻላል። እንደ ቅልና እንደ ጋን በወይራ ልጠነው የሚል ቢኖር፣ ጠርሙስ የፍም ትኩሳት ሲያገኘው እንደሚሰነጠቅ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው እጥበት በአልኮል ነው። ብርጭቆ እንደ እንጨትና እንደ ወረቀት ቀለም አይመጥም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። በመካከል የጣት ቅባት ካለ ተጣብቆ የሚኖረው ቅባቱ ላይ ነው፤ ቅባት ደግሞ ውሎ አድሮ ይለቃል። ከኮሮና ዘመን የተረፈ ሳኒታይዘር በየቤቱ ቢኖርም ብዙው ለእጅ ልስላሴ ግሊሰሪን ስላለበት ራሱ ቅባት ይተዋል፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ አልኮል ነው። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ከውጭ አይነካም። ግራ እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ጣትን ዘርግቶ እንደ ጓንት ለብሶት ይሠራል። እጇ የማይገባላት አንገቱን ትይዛለች፤ አንገቱም መቀባት የለበትም።

የቀለሙ ምርጫ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። የተማሪ የውሃ ቀለም ብርጭቆ ላይ እንባ ሆኖ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ቢደርቅም እርጥብ እጅ ይዞት ይሄዳል። አክሪሊክ ይሻላል፤ በስሱ ደረብ ደረብ ተደርጎ ሲቀባ ይይዛል፤ ከሥሩ በውሃ የቀጠነ ኮላ ቢቀባና ቢደርቅ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተለቀለቀ አክሪሊክ ግን ሙቅ ውሃ ሲነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሙሉውን ይገፈፋል። የጥፍር ቀለም፣ ወንዶች የማያውቁት ምሥጢር፣ ብርጭቆ ላይ አጥብቆ ከሚይዙት አንዱ ነው፤ ብሩሹም አብሮት ይመጣል። ጠርሙስ ሙሉ ለመቀባት ግን ከስጦታው ይወደዳል፤ ለነጠብጣብና ለአበባ ቅጠል ብቻ ያዋጣል።

ዘይት ቀለም የሚባለው፣ የበርና የመስኮት ቀለም፣ ለብርጭቆ ከተሠሩት ቀለሞች ቀጥሎ ጠንካራው ነው። ከአብዛኛው ቤትም አይጠፋም፤ የውጭ በር ሲቀባ የተረፈ፣ ክዳኑ የዛገ ግማሽ ቆርቆሮ ከደረጃ ሥር ወይም ከውሃ ጋኑ ኋላ ተቀምጧል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሽታው ለቀናት አይለቅም፤ ለመድረቅም ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ የሰጪውን ግቢ በር ይመስላል። ሰማያዊ ጠርሙስ የደረሳት ሴት ከማን እንደመጣ ለማወቅ ካርድ ማንበብ አያስፈልጋትም። ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከደረጃ ሥር ያለው ቆርቆሮ ግን ብዙውን ጊዜ ደንቡን በዕድሜ ይበልጠዋል። ስለዚህ በየትኛውም ቀለም ቢሠራ የጠርሙሱ ውስጥ አይቀባም፤ ከአፉም ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ነው ቀለም የሚጀምረው።

ለብርጭቆ ተብሎ የተሠራ ቀለም የሚገዛ ሰው ሥራው በመቀባት አያበቃለትም፤ ቀለሙ መጋገር አለበት። ከታወቁት አንዱ፣ የፔቤዮ ፋብሪካው ቪትሪያ 160፣ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ40 ደቂቃ ይጋገራል። ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ከምድጃው ጋር ይሞቃል፤ ሲያበቃም ምድጃው ተዘግቶ አብሮት ይቀዘቅዛል። ብርጭቆ ድንገተኛ ነገር አይወድም፤ አንዱ ጎኑ ሞቆ ሌላው ሳይሞቅ ሲቀር ይሰነጠቃል። ምድጃ የሌለው ቤት የእንጀራ ምጣድ ላይ ጠርሙስ ደርድሮ አክንባሎ ለመክደን ይፈተናል። ምጣድ ግን ከሥር ብቻ ነው የሚያቃጥለው፤ ወደ 200 ዲግሪ የሞቀ ምጣድ ላይ የቆመ ጠርሙስ ቂጡ ሲፈነዳ አንገቱ ገና አልሰማም። የምጣዱም ማሰሻ ብርጭቆ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕል የሚያወራ አይኖርም።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ ብርጭቆ ከወረቀት የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ውስጡ ይታያል። የአበባ ሥዕል በወረቀት ላይ ተሥሎ ወይም ታትሞ ወደ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባና በፕላስተር ይያዛል፤ ከውጭ በኩል መስመሩን ተከትሎ መቀባት ብቻ ይቀራል። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው በዚህ መንገድ ምክንያት ያጣል። ቀጥ ያለ መስመር ለሚፈልግ የገንዘብ ላስቲክ ጠርሙሱ ላይ ጠምዶ ጠርዙን መከተል ነው። ክብ ነጠብጣብ በእርሳስ ቂጥ ላጲስ ወይም በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይታተማል። ከሁሉ የሚያምረው የቀሚስ ጥለት ነው። ላስቲክ ከላይ፣ ላስቲክ ከታች ይጠመዳል፤ በመካከል በአረንጓዴ፣ በቀይና በወርቃማ ቀለም የተደረደረ ጥለት ሲሠራ ጠርሙሱ የክት የለበሰ ይመስላል። ጥለቱ ዞሮ ዞሮ ከመነሻው ጋር ሲገናኝ ግን ግማሽ መስቀል ተርፎ ወይም ጎድሎ ይገኛል። ልምድ ያላት ሴት ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታስቀምጠው።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ መሣል የግድ ይመስላል፤ እንደ አደይ የሚያስቸግርም የለም። ቅጠሎቿ ስምንት ገደማ ናቸው፤ ያ ቀላል ነው። ችግሩ ቢጫው ነው። ቢጫ ቀለም ብርጭቆ ላይ ይሳሳል፤ ብርሃን ያልፍበታል፤ የሞላው በርበሬ ከሆነም ቢጫው ወደ ብርቱካን ይሄዳል። መላው መጀመሪያ አበባዋን በነጭ መሣል፣ ነጩ ሲደርቅ በላዩ ቢጫ መድረብ ነው። ሠሪ የሚረሳው ሌላው ነገር ይኸው ነው፤ ሥዕሉ የሚታየው በባዶ ጠርሙስ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱን በሞላው ነገር ላይ ነው። ቀይ አበባ በርበሬ ላይ ይጠፋል፤ ቢጫው ሽሮ ላይ ይሰወራል፤ ነጭ ደግሞ በሶ ላይ ብቻ አያምርም፤ ሌላው ሁሉ ላይ ያምራል። ስለዚህ ምን እንደሚሞላ ሳይወሰን ብሩሽ አይነሣም።

ጽሑፍ ለሚጨምር የክቡን ተንኮል ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ዓይን ከፊት ሆኖ አጥርቶ የሚያነበው የጠርሙሱን ሲሶ ያህል ነው። ለምትጠየቅ አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ በአንድ መስመር ሲጻፍ ከፊት የሚነበበው «ማርያም ማረ» ብቻ ይሆናል፤ ሙሉውን ለማንበብ አራሷ ጠርሙሱን እንደ ወፍጮ ማዞር አለባት። «መልካም አዲስ ዓመት»ም ቦታ ሲያልቅበት የመጨረሻዋ «ት» ከመጀመሪያዋ «መ» ጋር ትጋጫለች። በሦስት መስመር አጠር አጠር አድርጎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የተቀባዩን ስም ብቻ መጻፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ስጦታው ለሌላ ሰው ስጦታ ሆኖ እንዳይተላለፍ ያደርጋል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሳይነካ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት ይኖርበታል። ሲነካ ደረቅ የሚመስል አክሪሊክ ከሥሩ ገና ለስላሳ ነው። በበዓል ዋዜማ የተቀባ ጠርሙስ በበዓሉ ዕለት የሰጪዋን አውራ ጣት ምልክት ይዞ ይደርሳል፤ ጎን ለጎን ተጠጋግተው የቆሙ ጠርሙሶችም ተጣብቀው አድረው ሲለያዩ አበባ ይቀያየራሉ።

አሞላሉም የራሱ ወግ አለው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሩብ ኪሎ ግድም በርበሬ ሲይዝ፣ ማር ከሆነ ግን 700 ግራም ያህል ይገባበታል፤ የማር ጠርሙስ ያነሳ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። በርበሬ ብርሃን ላይ ሲቀመጥ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ በዚህ በኩል ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ሥዕል ለበርበሬው ጥላ ይሆነዋል። ማር በበኩሉ በብርድ ሲረጋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ መፍታታት ይፈልጋል፤ ባለ አክሪሊኩ ጠርሙስ ደግሞ ሙቅ ውሃ ጠላቱ ነው፤ ለማር ወይ የተጋገረ ቀለም ወይ ሥዕል የሌለው ወገብ ያስፈልጋል። ንጥር ቅቤ ትኩሱን አይገለበጥበትም። አዋዜና ዳጣ እስከ አፍ አይሞላም፤ ሲብላላ ክዳኑን ይገፋል፤ በንጹሕ ነጠላ ላይ የተቀመጠ ከሆነም የስጦታው ዝና በነጠላው ይጻፋል።

ስጦታው ከሁሉ የሚያምርበት ጊዜ አራስ ጥየቃና እንቁጣጣሽ ነው። ለአራስ ገንፎ በርበሬና ቅቤ ስለሚፈለግ ጠርሙሱ በደረሰበት ቀን ሥራ ይጀምራል። እንቁጣጣሽ ደግሞ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባና መልአክ ለየጎረቤቱ እያደሉ ሳንቲም የሚቀበሉበት በዓል ነው፤ ቀለም የነካው ስጦታ በዚህ ቀን እንግዳ አይደለም። ለሠርግ ግን አይመከርም። ፖስታ ከሚጠበቅበት ጠረጴዛ ላይ ባለ አበባ የሽሮ ጠርሙስ ሲቀመጥ የሚቀበሉት ሚዜዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድም አይሆንም። ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ባዶው ጠርሙስ ብቻውን የሩብ ኪሎ በርበሬ ቦታ ይበላል። አሜሪካ ላለች ልጅ የሚላከው በርበሬ ዛሬም በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ሥዕሉ የሚቀባው እዚያ ከደረሰ በኋላ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ላይ ነው።

ተሰጥቶ ያለቀ ጠርሙስ ከዚያ በኋላ ሁለት ዕድል ይገጥመዋል። ወጣት ቤት ከገባ እስክሪብቶ፣ የጥርስ ብሩሽ ወይም ሳንቲም ይጨመርበታል። ትልቅ ሰው ቤት ከገባ ግን አሮጌው ሕግ ይነሣበታል። «እትዬ፣ ጠርሙሱን ስጦታ ብዬ ነው እኮ፤ አይመልሱልኝ» ስትባል፣ «ምን ነካሽ ልጄ! የሰው ዕቃ ከቤቴ አይቀርም፤ ባዶውንም አይወጣም» ትልና አደይ አበባዋ ግማሽ የታጠበችለትን ጠርሙስ ሽሮ ሞልታ ትመልሳለች። ከእንዲህ ዓይነቷ ሴት ጋር ክርክር አያዋጣም፤ ሽሮውን ተቀብሎ ጠርሙሱን እንደገና መቀባት ነው።

በቀለም ያልተፈታ፣ በብድር የተያዘ የሰው ጠርሙስ ቤቱ ያለ አንባቢ ግን ዛሬውኑ ቢመልስ መልካም ነው፤ ከነክዳኑ። ክዳን ብቻውን ሱቅ ሄዶ አይገዛም።